የዕድሜ ልክ ፍርዱ ሳይነካ ዓመቱን መሞገት፦ የግድያ ቅጣት ይግባኝ በእንግሊዝ

በጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. ለንደን የሚገኘው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። በሉተን ከተማ እናቱን፣ ወንድሙንና እህቱን የገደለ ወጣት ቢያንስ 49 ዓመት እንዲታሰር ዳኛዋ ወስነውበታል። መንግሥት ደግሞ ቅጣቱ ቀሏል፣ እስኪሞት ድረስ ከእስር የማይወጣበት ትእዛዝ ይሰጥበት ብሎ አመለከተ። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን አልተቀበለም። ወጣቱ ግድያውን ሲፈጽም 18 ዓመቱ ነበር፤ ሕጉ በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚፈቅደው እጅግ በተለየ ሁኔታ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ዳኛ ይህን መዝነው 49 ዓመት ላይ መድረሳቸውን የይግባኝ ዳኞቹ የሚነቀፍ ሆኖ አላገኙትም።

የእንግሊዝ የቅጣት ይግባኝ ጠባይ እዚህ ላይ ይታያል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «እኛ ብንሆን ስንት ዓመት እንሰጥ ነበር?» ብሎ አይጀምርም። የሚመረምረው ዳኛው ወደ ቁጥሩ የሄዱበትን መንገድ ነው። ይህን ያልተረዳ ታራሚም ሆነ የሟች ቤተሰብ ጥቂቶቹን የይግባኝ ሳምንታት ሰሚ በሌለው ክርክር ላይ ይጨርሳቸዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የሚነገረውም ስለ እንግሊዝና ዌልስ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው።)

ከ1965 ጀምሮ በእንግሊዝ ሕግ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ የተባለ አዋቂ ሰው ሁሉ የዕድሜ ልክ እስራት ይፈረድበታል። ዳኛው ምርጫ የላቸውም። ስለዚህ «ዕድሜ ልክ በዛብኝ» ተብሎ ይግባኝ አይባልም፤ ቅጣቱን የወሰነው ሕጉ ራሱ ነው። ይግባኝ የሚባለው ዳኛው ከዕድሜ ልኩ ጋር በሚወስኑት ቁጥር ላይ ነው፤ ይኸውም ታራሚው የአመክሮ ቦርድ ፊት ከመቅረቡ በፊት የግድ በእስር የሚያሳልፈው ዝቅተኛ ዘመን።

በአገር ቤት፣ በኢትዮጵያ፣ ሕግ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ሲሞላው በአመክሮ መፈታት ሊጠይቅ ይችላል፣ ሌላው ታራሚም ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ እንዲሁ። ይህን ስሌት ይዞ የእንግሊዝን ፍርድ የሚሰማ ሰው ይሳሳታል። በእንግሊዝ ዝቅተኛው ዘመን በመልካም ጠባይ አይቀነስም፣ ግማሹም አይቆረጥም። 20 ዓመት የተባለ ሰው 20ውን ዓመት ሙሉ ይታሰራል። ጊዜው ሲያልቅም በሩ አይከፈትለትም፤ ለሕዝብ አደገኛ አለመሆኑን ቦርዱ ካላመነ እዚያው ይቆያል። ቢፈታም እስከ ዕለተ ሞቱ በቁጥጥር ሥር ነው፣ ግዴታውን ቢጥስ ተመልሶ ይገባል። ከፍርዱ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ለቤተሰብ በግልጽ መነገር ያለበት ይህ ነው፤ ብዙ ከንቱ ተስፋና ብዙ ከንቱ ቁጣ የሚመነጨው ከዚህ ስሌት ነውና።

ቁጥሩ የሚገነባው በ2020ው የቅጣት አወሳሰን ሕግ 21ኛ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሠንጠረዡ መጀመሪያ የወጣው በ2003 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል። ዳኛው በመጀመሪያ ግድያው የሚወድቅበትን መነሻ ይመርጣሉ። ገዳዩ 21 ዓመት የሞላው ከሆነ፣ በጣም ከባድ ለሆኑት መነሻው ፈጽሞ አለመውጣት ነው፦ ታቅዶ የተፈጸመ የሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ግድያ፣ ሕፃን አግቶ ወይም ወሲባዊ ጥቃት አድርሶ መግደል፣ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስን ወይም የማረሚያ ቤት ጠባቂን መግደል፣ ለፖለቲካ ወይም ለሃይማኖት ዓላማ መግደል፣ ቀድሞ በግድያ የተፈረደበት ሰው ዳግም መግደሉ። ቀጥሎ 30 ዓመት ይመጣል፦ በጦር መሣሪያ፣ ለገንዘብ ጥቅም፣ ምስክርን ለማጥፋት፣ ወይም በዘር፣ በሃይማኖትና በመሰል ጥላቻ የተፈጸመ ግድያ። ቢላዋ ወይም ሌላ መሣሪያ ይዞ ወደ ቦታው ሄዶ የገደለ 25 ዓመት ይጀምራል፤ ይህ መነሻ የሚሠራው ከማርች 2 ቀን 2010 ወዲህ ለተፈጸሙ ግድያዎች ነው። የተቀረው የአዋቂ ግድያ መነሻው 15 ነው።

ለአካለ መጠን ላልደረሱ የ2022ው ሕግ በዕድሜ የተከፋፈለ ሰሌዳ አውጥቷል። እንደ ድርጊቱ ክብደት ለ17 ዓመት ልጅ 27፣ 23 ወይም 14፤ ለ15 እና 16 ዓመት 20፣ 17 ወይም 10፤ ለ14 ዓመትና ከዚያ በታች 15፣ 13 ወይም 8 ነው። የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

ከመነሻው በኋላ ማክበጃና ማቅለያ ይመጣል። እቅድ፣ የሟች አቅመ ደካማነት፣ ከሞት በፊት የደረሰ ስቃይ፣ አስከሬን መደበቅ ወይም መቆራረጥ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋሉ። በ2024 ከመጠን ያለፈና የተራዘመ ጭካኔ እንዲሁም በትዳር ወይም በፍቅር ግንኙነት ውስጥ የነበረ የቁጥጥርና የማስገደድ ባሕርይ ተጨምረውበታል። ወደ ታች የሚስቡት ደግሞ ያለ ዝግጅት በድንገት መፈጸሙ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ሟች ያደረሰው ትንኮሳ ወይም ጥቃት፣ የወጣትነት ዕድሜ፣ ሐሳቡም ለመግደል ሳይሆን ከባድ ጉዳት ለማድረስ ብቻ መሆኑ ናቸው። በእንግሊዝ ሕግ ከባድ አካላዊ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ብቻውን ለነፍስ ግድያ ይበቃል፤ ስለዚህ ይህ ልዩነት ጥፋተኝነቱን ባይለውጥም ዓመቱን ይለውጣል።

በመጨረሻ የእምነት ቃል ቅናሽ አለ። በሌሎች ወንጀሎች ጥፋቱን ገና በጠዋቱ ያመነ ሰው ሲሶ ይቀነስለታል። በግድያ ግን ከፍተኛው ቅናሽ አንድ ስድስተኛ ነው፣ እሱም ከ5 ዓመት አይበልጥም። ችሎቱ በተጀመረበት ቀን ያመነ የሚያገኘው አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። ፈጽሞ የማይወጣበት ትእዛዝ ላይ ቅናሽ የለም።

በቁጥር እንየው። ቢላዋ ይዞ ወደ መንገድ ወጥቶ የገደለ የ24 ዓመት ሰው መነሻው 25 ነው። ቀድሞ በቢላዋ ወንጀል ተፈርዶበት ስለነበር 2 ዓመት ተጨምሮ 27 ይሆናል። ለመግደል አለማሰቡና የአእምሮ ሕመሙ 3 ዓመት ያስቀንሱለታል እንበል፤ 24። በጊዜ ስላመነ አንድ ስድስተኛው፣ ማለትም 4 ዓመት ይወርድለታል፤ 20። ፍርድ እየጠበቀ የታሰረው 240 ቀን ካለም ይቀነስና 19 ዓመት ከ125 ቀን ይቀራል። መድረሻው 36 ዓመት የነበረ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ስድስተኛው 6 ነው፣ ጣሪያው ግን 5 ስለሆነ 31 ላይ ይቆም ነበር። የይግባኝ ጠበቃ የመጀመሪያ ሥራው የዳኛውን የቅጣት ንግግር ፊቱ ዘርግቶ እያንዳንዱን እርምጃ እንዲህ መልሶ መገንባት ነው። ስህተት ካለ የሚገኘው በአንዱ እርምጃ ላይ ነው፤ ጠቅላላውን ቁጥር እያዩ «በዛ» ማለት የትም አያደርስም።

ስህተቶቹ በብዛት የሚታዩባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ ድርብ ቆጠራ ነው። ሽጉጡ መነሻውን 30 ካደረገው፣ ያው ሽጉጥ እንደገና ማክበጃ ሆኖ ሊቆጠር አይችልም። ሌላው፣ ብዙ የሚያከራክረው፣ ቢላዋው «ወደ ቦታው ተወሰደ» የሚለው ነጥብ ነው። በጸብ መሃል በዚያው ቤት ካለ ወጥ ቤት ቢላዋ ያነሳ ሰው በመደበኛው አነጋገር ወደ ቦታው አልወሰደውም፣ መነሻው 15 ነው። መንገድ ላይ ከኪሱ ያወጣው 25 ይጀምራል። በዚህ የ10 ዓመት ልዩነት የተነሳ በገዛ ቤታቸው፣ በባል ወይም በቀድሞ ፍቅረኛ እጅ የሚገደሉ ሴቶች ጉዳይ ከዝቅተኛው መነሻ ይጀምራል። ሴት ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ለዓመታት የታገሉት ይህን ነው፤ ክሌር ዌድ የተባሉት ጠበቃ ያዘጋጁትና በ2023 የታተመው የመንግሥት ጥናትም ጉዳዩን ፊት ለፊት አንስቶታል። ትግላቸው ትክክል ነው። ሴትየዋ የተገደለችው እጅግ ደህና መሆን በሚገባት ቦታ ሆኖ ሳለ ሕጉ ስሌቱን ከታች መጀመሩ ሊያሳስበን ይገባል።

በቡድን የተፈጸመ ግድያ ላይ ቢላዋውን ያልያዘው ተከሳሽ መሣሪያ እንዳለ ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ይመጣል። ዳኛው ይህን ከጥርጣሬ በላይ እርግጠኛ ሳይሆኑ 25ን መነሻ ካደረጉ ጠንካራ የይግባኝ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። የማክበጃ ፍሬ ነገር ሁሉ የሚረጋገጠው በዚሁ የወንጀል መለኪያ ነው፤ ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ከሰጠው ብይን ጋርም መጣረስ የለበትም። ዕድሜም እንዲሁ። 18ኛ ልደቱን ባከበረ በሳምንቱ የገደለ ልጅ ፈጽሞ አለመውጣት ከሚለው መነሻ በቀር ሠንጠረዡ ላይ እንደ 40 ዓመት ሰው ይቆጠራል፣ ፍርድ ቤቶቹ ግን ብስለት በልደት ቀን በድንገት አይመጣም ብለው ደጋግመው ወስነዋል። ዳኛው ስለ ብስለቱ አንድም ቃል ካልተናገሩ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስህተት ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ውጤቱ በግልጽ የበዛ ወይም በመርሕ የተሳሳተ መሆን አለበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 እንዳስረዳው መነሻዎቹ እርስ በርስ በጣም የተራራቁ ስለሆኑ ግድያዎችን ሁሉ በሦስትና በአራት ሳጥን መክተት አይቻልም፤ ዳኛው ከመነሻው ተነስተው የትም ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ 22 መሆን የነበረበት 23 ቢሆን ፍርድ ቤቱ አይነካውም። አንድ ዓመት ለታሰረ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ይግባኙ ግን ለዚያ አልተሠራም።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ቀነ ገደቡ ቅጣቱ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቅጣት ይግባኝ ቅጹ ከጠበቃው የይግባኝ ምክንያቶች ጋር በቀጥታ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ሬጅስትራር (የመዝገብ ኃላፊ) ይላካል፤ ጽሕፈት ቤቱ ለንደን፣ ስትራንድ ላይ ባለው የንጉሣዊ ፍርድ ቤቶች ሕንፃ ውስጥ ነው። ለዋናው ክስ የተሰጠው የመንግሥት የሕግ ድጋፍ ጠበቃው ይግባኝ ያዋጣል አያዋጣም ብሎ በጽሑፍ እንዲመክርና ምክንያቶቹን እንዲያዘጋጅ ይሸፍናል። ታራሚው ይህን ምክር የመጠየቅ መብት አለው። እንግሊዝኛ የማያቀና ከሆነ በዚያው ድጋፍ አስተርጓሚ ወደ ማረሚያ ቤት ሊሄድለት ይችላል፤ ጠበቃው በራሱ ካላነሳው ቤተሰብ ያስታውሰው። የአማርኛ አስተርጓሚ በሚፈለግበት ሰዓት ላይገኝ ስለሚችል ቀጠሮው በአራተኛው ሳምንት ሳይሆን በመጀመሪያው ቢያዝ ይበጃል።

የይግባኝ መብት በራሱ አይገኝም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሬጅስትራሩ የቅጣት ንግግሩን ግልባጭ ያስመጣና አንድ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ መዝገቡን በወረቀት ብቻ ያያሉ። ከፈቀዱ ጠበቃ ተመድቦ ጉዳዩ በችሎት ይሰማል። ከከለከሉ ታራሚው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ጥያቄውን ወደ ሙሉ ችሎት ማደስ ይችላል፤ ለዚህ ግን ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ክፍያ የለም፣ ጠበቃው በነፃ ካልቆመ የቤተሰብ ኪስ ይነካል። ዋጋ የሌለውን ማመልከቻ ማደስ ሌላም አደጋ አለው፤ ፍርድ ቤቱ በይግባኙ ሂደት ካለፈው የእስር ጊዜ የተወሰኑ ቀናት እንዳይቆጠሩ ሊያዝ ይችላል። ሆኖም በታራሚው ይግባኝ ላይ ቅጣቱ ከነበረው ሊከብድ አይችልም። «ይግባኝ ብትል ይጨምሩብሃል» እየተባለ የሚወራው ወሬ ከዚህ ጋር አይሄድም፤ የሚጨመረው መንግሥት በራሱ መንገድ ሲያመለክት ብቻ ነው፣ ያም ወደ ኋላ ይመጣል።

ቀኑ ያለፈበት ታራሚ የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሳምንት መዘግየት ማብራሪያ ይፈለግበታል፤ ከዓመታት በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ በቀላሉ አያልፍም። አዲስ ጠበቃ ከተያዘ ደግሞ አዲሱ ጠበቃ የቀድሞዎቹን አነጋግሮ ስለ ጉዳዩ ያሉትን ማረጋገጥ አለበት። ይህ ከ2014 ጀምሮ በጥብቅ የሚጠየቅ ግዴታ ነው። ገንዘብ ተቀብለው ይህን ሳያደርጉ ማመልከቻ የሚያስገቡ ሰዎች ቤተሰቡን ለሁለተኛ ኪሳራ ይዳርጉታል፤ ፋይሉ ይመለሳል ወይም ይወድቃል። አዲስ ማስረጃ፣ ለምሳሌ ከፍርዱ በኋላ የተገኘ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሪፖርት፣ ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚያን ጊዜ ለምን አልቀረበም?» የሚል ነውና ለዚህ የሚያጠግብ መልስ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በማረሚያ ቤት ውስጥ መማርና መታረም ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ ያ የአመክሮ ቦርዱ ነገር ነው።

አንዳንዱ ስህተት ይግባኝም አያስፈልገው። በፍርድ መጠበቂያ የታሰረባቸው ቀናት በስህተት ከተቆጠሩ ወይም ቅናሹ በሒሳብ ከተዛባ፣ ፍርዱን የሰጠው የክራውን ፍርድ ቤት ራሱ በ56 ቀናት ውስጥ ሊያርመው ይችላል። ከፍርዱ ማግስት ጠበቃው ቀናቱን ከማረሚያ ቤቱ መዝገብ ጋር ቢያመሳክር ወራት የሚፈጅ መንገድ ይቀራል።

የሟች ወገን ደግሞ ቅጣቱ ቀሏል ካለ በራሱ ይግባኝ ማለት አይችልም። በ1988ው ሕግ መሠረት ጉዳዩን ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚወስደው አቶርኒ ጄኔራል የተባለው የመንግሥት ዋና የሕግ አማካሪ ወይም ምክትሉ ሶሊሲተር ጄኔራል ነው። ጥያቄውን ለጽሕፈት ቤቱ ማንም ማቅረብ ይችላል፤ ቤተሰብ መሆን አያስፈልግም፣ ጠበቃም አያስፈልግም፣ ክፍያም የለም። የተከሳሹ ስም፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቀኑና ለምን ቀሏል እንደሚባል ከተጻፈ ይበቃል። መለኪያው ቅጣቱ አንድ ዳኛ በምክንያት ሊደርስበት ከሚችለው ወሰን ውጭ መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ ሲሄድ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

እዚህ ያለው 28 ቀን ግን ለታራሚው እንዳለው አይደለም። ታራሚው ቢዘገይ ምክንያት አቅርቦ ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ የሟች ቤተሰብ በ29ኛው ቀን ቢመጣ ሕጉ የሰጠው በር ተዘግቷል። ገና ልጃቸውን የቀበሩ፣ የችሎቱ ሳምንታት ያደቀቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ መብት መኖሩን ሳይሰሙ ቀኑ ያልፋል። ፓርላማው ጊዜውን ስለማራዘም ሲከራከር ቆይቷል። አንድን ፍርድ ያለ ማብቂያ ማንጠልጠል ለተከሳሹም ፍትሕ አይደለም፣ ይህ ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን ለአንዱ ወገን የተከፈተ የማራዘሚያ መስኮት ለሌላው ጭራሽ የሚዘጋበትን ምክንያት ማስረዳት ይከብዳል። ቢያንስ ፍርዱ በተነገረበት ቀን፣ ከችሎቱ ሳይወጡ፣ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት በሚገባቸው ቋንቋ ሊሰጣቸው ይገባል። ለአሁኑ ማንም ቤተሰብ ከ28ኛው ቀን በኋላ ሌላ ዕድል አለ ብሎ አይቁጠር፤ ጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን አንብቦ የሚወስንበት ጊዜ እንዲኖረው ጥያቄው በመጀመሪያው ሳምንት ቢገባ ነው የሚሻለው።

ሁለቱም መንገዶች ባንድ ውሳኔ የታዩበት ጊዜ ጁላይ 2022 ነው። አምስት ሰዎችን የሚመለከቱ ከባድ ጉዳዮች ባንድነት ተሰሙ። የፖሊስነት ሥልጣኑን ተጠቅሞ ሳራ ኤቨራርድን አግቶ የገደለው ዌይን ኩዘንስ ፈጽሞ የማይወጣበትን ትእዛዝ ለማስነሳት ሞክሮ አልተሳካለትም። ሚስቱንና በኋላም እጮኛውን በተለያየ ጊዜ የገደለው ኢያን ስቱዋርት ግን ተመሳሳይ ትእዛዙ ተሽሮ ቢያንስ 35 ዓመት ተባለ። ሁለት ሕፃናት ልጆቹንና በኋላም ፍቅረኛውን የገደለው ጆርዳን ሞናሃን፣ በአቶርኒ ጄኔራል ማመልከቻ፣ ከ40 ወደ 48 ዓመት ከፍ አለበት። ስቱዋርትን ከኩዘንስ የለየው የሕዝብ ቁጣ መጠን አይደለም፤ ፍትሐዊ ቅጣት ሆኖ እስከ ሞት መታሰርን የሚጠይቅ ልዩ ክብደት በአንዱ ሲገኝ በሌላው አለመገኘቱ ነው።

በዲሴምበር 2024 መንግሥት የሕግ ኮሚሽኑ የግድያ ሕጉን ከነቅጣት አወሳሰኑ እንዲመረምር እንደሚጠይቅ አስታውቋል። ኮሚሽኑ ሥራውን ከመጨረሱ በፊት የ15ና የ25 ዓመቱ ልዩነት በምን እንደሚተካ ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አይችልም። እስከዚያው ይግባኝ የሚጻፈው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን ይሠራ በነበረው መነሻ ላይ ስለሆነ ጠበቃው መጀመሪያ የሚያረጋግጠው ያን ቀን ነው።

ይግባኙ ከወደቀ በኋላ የሚቀሩት በሮች ጠባብ ናቸው። ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሄድ የሚቻለው ለሕዝብ ሁሉ የሚጠቅም የሕግ ጥያቄ እንዳለ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ራሱ ሲመሰክር ነው። በበርሚንግሃም ያለው የወንጀል ጉዳዮች ገምጋሚ ኮሚሽን አዲስ ማስረጃ ወይም አዲስ የሕግ ክርክር ካገኘ ቅጣትንም ወደ ፍርድ ቤቱ ሊመልስ ይችላል፣ ማመልከቻውም በነፃ ነው። ፍርዱ ሲሰጠው ከ18 ዓመት በታች የነበረ ልጅ የዝቅተኛውን ዘመን ግማሽ ሲጨርስ እንዲቀነስለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ለአዋቂ ይህ የለም። የብሪታንያ ዜግነት የሌለው ታራሚ ደግሞ ዝቅተኛው ዘመን ሲያልቅ የአመክሮ ቦርዱን ሳይጠብቅ ከአገር ሊባረር ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ዓመቱ የሚባረርበትንም ቀን የሚወስን ስለሆነ የይግባኝ ጠበቃውና የኢሚግሬሽን ጠበቃው ከመጀመሪያው ጀምሮ መነጋገር አለባቸው።